በጥዶቹ መሃል የፈሰሰው

ሥራዬ የሰው ገላ ማጠብ ነው። ሊልበርን ካለው ቤታችን ብዙ በማይርቅ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ዳይፐር እቀይራለሁ፣ አንሶላ እለውጣለሁ፣ ትውከት እጠርጋለሁ፣ የደረቀውን በሞቀ ውሃ አርሼ አነሳለሁ። በዚህ ምክንያት ለዘመዶቼ በሙሉ እኔን የሚቀፈኝ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም። እውነቱ ሌላ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልተጠየፍኩበት አንድም ቀን የለም። ግን አልጋ ላይ የወደቀ ሽማግሌ ብርድ ልብሱን ስትገልጪለት መጀመሪያ የሚያየው ፊትሽን ነው። ስለዚህ ፊቴን መግዛት ተምሬያለሁ። ሆዴ ግን እስከ ዛሬ አልተማረም።

ባለፈው ሌበር ደይ፣ በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን ሰሞን፣ "ሦስት ቀን ጫካ ውስጥ እንደር" ያለችው የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ሮዝዌል ትኖራለች፤ አባታቸው፣ አማቴም፣ ከእሷ ጋር ናቸው። ፊት ለፊት "እትዬ" እያልኩ እርስዎ ነው የምላት፤ እዚህ ግን እንደመጣልኝ ልጻፋት። የሥራ ባልደረቦቿ አርቪ እየተከራዩ ካምፕ ሲወጡ የተነሱትን ፎቶ አይታ ኖሯል። "እኛስ ከማን እናንሳለን?" አለችው ለወንድሟ በስልክ። ባለቤቴ የትራክ ሹፌር ስለሆነ ቤት የተሸከመ መኪና መንዳት ለእሱ ምንም አይደለም። ለእረፍቱም ያው መንዳት እንደተሰጠው ማንም አላሰበም፤ እሱ ራሱም አላሰበም።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅም። ሦስት ቀን ሙሉ የማንም ደወል አይጠራኝም፤ ማንንም አላገላብጥም። ለራሴና ለአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ አዲስ ነጠላ ጫማ ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት አማቴን ከሮዝዌል አሳፍረን ወደ ሰሜን ወጣን። እህትየው መኪናዋን ትታ መምጣት ስላልፈለገች እየነዳች ተከተለችን።

ካምፑ ትንሽ ነው። በጥድ ዛፎች መሃል ሃያ የማይሞሉ ማቆሚያዎች፣ አንዲት ጠባብ የጠጠር መንገድ፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ቢሮ የሚሏት የእንጨት ጎጆ። ዌብሳይቱ ላይ ያየነው ወንዝ በእርግጥ አለ። ውሃው የሻይ ቀለም ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ቢጫ አረፋ ያዘለ ነው፤ ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ያገለገለ ዳይፐር ተንጠልጥሎ ውሃ ጠጥቶ እንደ ትራስ አብጧል። ቆሜ አየሁት። ልጄ "ማሚ፣ ሥራሽ ተከትሎሽ መጣ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ የጋራ መታጠቢያ ቤቱን ለማየት አብረን ሄድን። ከብሎኬት የተሠራ ነው። መብራቱን ሳበራ ግድግዳው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ለካ እግረ ረጃጅም ሸረሪቶች ናቸው። የሻወሩ መውረጃ ላይ የስንቱ ሰው ፀጉር ተያይዞ የሞተ የረጠበ አይጥ መስሏል። ሳሙና ማስቀመጫው ላይ አንድ ሰው የቁስል ፕላስተሩን ለጥፎት ሄዷል፤ መሃሉ ቡናማ ነው። ሽንት ቤቱን የከፈተችው ልጄ ናት፤ ወዲያው ዘጋችው።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! እዚህ አልገባም። ሊትረሊ አልገባም።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አምስታችንም የአርቪውን ሽንት ቤት ብቻ ስንጠቀም ሰነበትን።

የአርቪ ሽንት ቤት ከሥሩ ታንከር አለው። የገባው ሁሉ እዚያ ይጠራቀምና ሲሞላ በወፍራም ቱቦ ወደ ካምፑ የፍሳሽ ጉድጓድ ይለቀቃል። የአከራዩ ሠራተኛ ይህን ሲያስረዳ ባለቤቴ አንድ ጆሮውን ስልኩ ላይ አድርጎ ነበር። እንደደረስን ቱቦውን ከጉድጓዱ አገናኘና የታንከሩን መክፈቻ ሳበው። "ክፍት ይሁን፤ በራሱ ይወርዳል። ማን ይለፋል?" አለ። ብልሃት መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ እህቱ በረዶ የሞላውን ሳጥን ስትከፍት አጠገቧ ነበርኩ። የጥብሱ ሥጋ ፌስታል ተቀዶ፣ ደሙ ከቀለጠው በረዶ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሁሉም ነገር ሮዝ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። እንጀራው ከሥር ነው። ከነላስቲኩ ስታወጣው ከጫፉ ደም ያዘለ ውሃ ዥርር አለ። ተያየን።

"ይጣል፣ እትዬ" አልኳት።

"ይህን ሁሉ እንጀራ? ፍርፍር ላድርገው፤ እሳት ይነካው የለም እንዴ?"

ሦስቱን እንጀራ ላጥ ላጥ አድርጋ ጣለች፤ የቀረውን በበርበሬ አቁላልታ ፈተፈተችው። አማቴ ምንም ስላላዩ "እጅሽ ይባረክ" ብለው በሉ። ባለቤቴ አይቷል፤ አይቶ በላ። እኔ ለልጄና ለራሴ ዳቦ ይዤ "ሆዴን አሞኛል" ብዬ ዞር አልኩ። ሽማግሌው ሲጎርሱ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

እሁድ ሙቀቱ የእርጥብ ጨርቅ ሙቀት ነበር። ልጄ ከጉልበቷ ጀርባ መዥገር አገኘችና ካምፑን በጩኸት አናወጠችው፤ በወረንጦ ነቀልኩላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አርቪው ውስጥ ሽታ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ረጠበ ካልሲ ነበር፤ ቆይቶ የታወቀው ነገር ሆነ። እህቱ ላቬንደር የሚሸት ስፕሬይ ይዛ እየዞረች ትረጨዋለች። ያ ሽታ ብቻውን ቢሆን እችለው ነበር፤ ከላቬንደር ጋር ሲሆን ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል።

"ሌላ ማንም አይደለም፤ አባባ ናቸው" አለች ስፕሬዩን እንደያዘች ጮክ ብላ። "እየተመላለሱ እየተመላለሱ እሳቸው ናቸው የሞሉት።"

አማቴ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ ሰው ፊት ጋዝ እንኳ የማይለቁ ሰው ናቸው። ከመስኮቱ ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና አላሉም። ትንሽ ቆይቼ ስወጣ የቀዳሁላቸው ውሃ እንዳለ ነው። ማታ ራት ላይም አልነኩትም።

"አባባ፣ ይጠጡ እንጂ። ሙቀት ነው።"

"አልጠማኝም፣ ልጄ።"

ይህን አውቀዋለሁ። በምሠራበት መኖሪያ ያሉ ሽማግሌዎችም አንድ ቀን አልጋ ላይ ካመለጣቸውና አንዷ ሠራተኛ ካጉረመረመች በኋላ ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ሰው እንዳይጠየፉት ጥሙን ይመርጣል። ያኔ ለእህቱ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሳህን አጠብኩ።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ከሽንት ቤት ሱሪዋን እንደያዘች ዘላ ወጣች። ገብቼ አየሁ። ውሃው ከመውረድ ይልቅ እየወጣ ነው፤ በመሃሉ የእህትየው እርጥብ መጥረጊያ ሶፍት ነጭ ነጭ ሆኖ ይሽከረከራል። ክዳኑን ዘጋሁና ባለቤቴን ጠራሁ።

ከጎናችን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ካምፕ የሚኖር አንድ ነጭ ሽማግሌ አለ፤ ከአንድ ወፍራም ውሻ ጋር። ባለቤቴ ቱቦውን ሲነቀንቅ አይቶ መጣ። መክፈቻው ከቅዳሜ ጀምሮ ክፍት እንደነበረ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

"ክፍት ሆኖ ሲቆይ ውሃው ብቻ ነው የሚሄደው። ሌላው እዚያው ይቀርና ይቆለላል። አሁን ዝጋው፣ ታንከሩን ውሃ ሙላው፣ አንድ ሰዓት ይራስ፣ ከዚያ ልቀቀው። ቱቦው በሁለቱም በኩል ጠቅ ብሎ መቆለፉን እይ" አለው።

ባለቤቴ ዘጋ፣ ውሃ ሞላ። አንድ ሰዓት ቁርስ ፊት ለፊታችን አስቀምጠን ቁጭ አልን። ማንም አልበላም። ስለ መንገዱ ሲወራ፣ ስለ ሥራ ሲወራ፣ ሁላችንም የምናስበው ከወለሉ ሥር እየራሰ ስላለው ነገር ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ባለቤቴ ወረደ። ቱቦው በሁለቱም በኩል መቆለፉን አላየም። መክፈቻውን በአንድ ጊዜ ሳበው።

ድምፁ መጀመሪያ መጣ፤ ጉሮሮው የተከፈተ ከብት ዓይነት ድምፅ። ቱቦው ተፈናጥሮ ወጣና የአምስት ሰው የሦስት ቀን ነገር፣ ርሶ፣ ላልቶ፣ ሙሉ በሙሉ በጠጠሩ ላይ ተዘረገፈ። ባለቤቴ መልሶ እስኪዘጋው ድረስ ጠረጴዛው ሥር ደርሷል። የልጄ አዲስ ነጠላ ጫማ እዚያ ነበር። ሶፍቶቹ የጥድ ቅጠል ለብሰው ዳር ዳር ያዙ። የጎረቤታችን ውሻ ሰተት ብሎ መጣ፤ መሃሉ ላይ ቆሞ አሸተተ፤ ባለቤቱ እየተሳደበ ሲጎትተው ጅራቱን እየቆላ ነው የሄደው። ግማቱን እንዴት ልንገራችሁ? ዓይን ያቃጥላል። አፌን ብዘጋም ምላሴ ላይ ነበር።

እህቱ የአርቪው ደረጃ ላይ አፍንጫዋን በሻርፕ ይዛ ቆማለች። ወንድሟን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ እንጂ! አንቺ እንደሆነ ለምደሽዋል።"

ባለቤቴን አየሁት። አንድ ነገር ይላል ብዬ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተረጭቷል፤ እጆቹን ከገላው አርቆ እንደ ክንፍ ዘርግቷቸዋል።

"ጓንት ይዘሽ መጥተሻል አይደል?" አለኝ።

ልጄ ከእህቱ ጀርባ ብቅ አለች። "ማሚ ትችለዋለች። ሥራዋ ነው" አለች። በክፋት አይደለም። ሰው ስለ ፍሪጅ "በረዶ ይሠራል" እንደሚለው ነው ያለችው።

የያዝኩትን የሻይ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሄድኩ። ከኋላዬ እህቱ "ወዴት ናት?" ስትል ሰማኋት። በመታጠቢያ ቤቱ በኩል አልፌ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ዳይፐር እንዳለ ተንጠልጥሏል። እዚያ ተቀምጬ ሁሉንም ጠላሁ፤ ካምፑን፣ ፍርፍሩን፣ ላቬንደሩን፣ የባሌን ክንፎች። ከሁሉም በላይ "ትችለዋለች" የሚለው ቃል አቅለሸለሸኝ፤ ምክንያቱም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ልጄ ሕፃን ሆና ስትታመም፣ አማቴ ሆስፒታል ሲተኙ፣ እህቱ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት፣ በጠሩኝ ቁጥር ያንኑ የሥራ ፊቴን ይዤ ሄጃለሁ። አንድም ቀን "ይህ ይከብደኛል" ብዬ አላውቅም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ባለቤቴና እህቱ ሲንደፋደፉ እያሰብኩ ደስ አለኝ፤ ክፉ ደስታ ነው። ከዚያ ተመለስኩ።

ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ያየሁት ግን እነሱን አይደለም። አማቴን ነው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ የፕላስቲክ ሰንደል አድርገው፣ በዚያ ነገር መሃል ቆመው ሳህን በምናጥብበት ሳፋ ከቧንቧው ውሃ እየቀዱ ይደፋሉ። ሳፋው ይንቀጠቀጣል፤ ግማሹ እግራቸው ላይ ነው የሚፈሰው። ባለቤቴ ትንሽ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ይዞ ከአከራዩ ጋር ይከራከራል። እህቱና ልጄ መኪናዋ ውስጥ መስኮት ዘግተው፣ ኤሲ ከፍተው ተቀምጠዋል።

በአሥራ አምስት ዓመት ትዳር በአባቱ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

"ስልኩን ዝጋው! አባትህ ምን ውስጥ እንደቆሙ አየህ?"

ዞረ። በእውነት አላየም ነበር። ፊቱ ልክ እንደ ልጅ ሆነ።

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለ።

"እኔ ነኝ አሉ የሞላሁት" አሉ አማቴ ሳፋውን ሳያወርዱ። "የሞላ ሰው ያጽዳ።"

ባለቤቴ ሳፋውን ተቀበላቸው። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ደረቁ ጠጠር አወጣኋቸውና ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። የጎረቤታችንን የአትክልት ቱቦና ሳሙና ለመንኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ጓንት ነበረኝ፤ ባለቤቴ እውነቱን ነው፣ ሁልጊዜ ይዤ ነው የምሄደው። አጠለቅሁና ሰንደላቸውን አውልቄ እግራቸውን ማጠብ ጀመርኩ። በጥፍራቸውና በጣታቸው መሃል ገብቷል። ሊነጥቁኝ ሞከሩ።

"ተይ፣ አይሆንም። ተይ፣ ልጄ። አሳፈርሽኝ እኮ።"

"ዝም ይበሉ፣ አባባ። ሌላኛውን ይስጡኝ።"

ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር እግራቸው ይንዘፈዘፋል።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉኝ ቆይተው። "አንቺ እውነት አይቀፍሽም?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱን ማሰብ አላስፈለገኝም።

"ይቀፈኛል፣ አባባ። በጣም ይቀፈኛል። አሁን ራሱ ሊያስመልሰኝ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

"እኔንም!" አሉ። "እኔንም እኮ! ከዚህ ሽማግሌ ገላ ጋር መኖር እንዴት እንደሚያስጠላ ለማን ይነገራል?"

ሁለታችንም ሳቅን። ስንስቅ በአፋችን አየር ገባና ሁለታችንንም እኩል አቅለሸለሸን፤ አፋችንን ይዘን እንደገና ሳቅን። ቧንቧውን አጥቤ ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ ሰጠኋቸው። አንድ ትንፋሽ ጠጡና ሌላ ጠየቁ።

የቀረውን ባለቤቴና ጎረቤታችን ሠሩት። ሽማግሌው በረኪናና አካፋ አመጣ፤ ባለቤቴ ጠጠሩን እየዛቀ በጥቁር ፌስታል ሞላ። ሁለት ጊዜ ጥድ ተደግፎ አስመለሰ። ለመርዳት እጄ ተንቀሳቅሷል፤ ያዝኩት። ልጄን ከመኪናው ጠራኋትና ጠረጴዛውን በሳሙና እንድታጥብ ነገርኳት። "ግሮስ ነው፣ ማሚ፤ ይቀፋል" አለች። "አውቃለሁ" አልኳት። እያለቀሰች አጠበችው። እህቱ መስኮቷን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጋ "አለቀ?" ብላ ትጠይቃለች።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ተነሳን። አማቴ ከልጃቸው ጋር በመኪናዋ አልሄዱም፤ ከእኛ ጋር አርቪው ውስጥ መጡ፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን። ባለቤቴ አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላው መንገድ ላይ ሦስት ነዳጅ ማደያ ቆመ። ነዳጅ አልቀዳም። እጁን ታጥቦ ይመለሳል፣ መሪውን ይይዛል፣ ጣቶቹን ያሸታል። ሦስተኛው ላይ ሲመለስ እጁ ቀልቶ ነበር።

እህቱ በዚያው ሳምንት የካምፑን ፎቶዎች ለዘመድ አዝማድ ላከች፤ ጥዶቹ፣ እሳቱ፣ ፍርፍሩ ሳይቀር። ስለዚያ ጠዋት እስከ ዛሬ አላነሳችም። እኔም እትዬ ማለቴን አልተውኩም። ግን ያበሰለችውን አልበላም፤ ፍርፍሩን ብቻ ምክንያት ማድረግ አልችልም።

ባለቤቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ረቡዕ ጠዋት የሥራ ልብሴን ለብሼ ስወጣ ወጥ ቤት ተቀምጦ እንቁላሉን በሹካ ሲገፋው አገኘሁት።

"ዛሬ ስንት ሰው አለሽ?" አለኝ።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

"ዘጠኝ" አልኩት።

ሳህኑን ራቅ አደረገ። ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ይህን ለመጠየቅ እግሩ ሥር እስኪፈስ መጠበቁ አስጠላኝ። ቁልፌን አነሳሁና እንቁላሉን ባይበላውም ሳህኑን እሱ እንዲያጥበው ነግሬው ወጣሁ።